እጅ ይድገም፣ ምላስ አይድገም

አማርኛ ለዚህ ነገር ሦስት ስም ሰጥቶታል፤ ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። «አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ ኃይሉ በሚጠሩት ኅቡእ ስሞች ውስጥ ነው ይባላል። «ድግምት» ከ«ደገመ» የወጣ ነው፤ ኃይሉ የተጻፈውን ቃል ሳያዛንፉ በመድገም ላይ ነው። «ምትሃት» ደግሞ የሌለውን እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ጌታቸው በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩ ጊዜ በድንጋጤ የተናገሩት ይህንኑ ቃል ነው። ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስማት የሚጠራም ሆነ ድግምት የሚደግም ሰው ተመልካች አያስፈልገውም፤ በሌሊት፣ በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ምትሃት ግን የሚያይ ዐይን በሌለበት የለም።

ይህን ያስቀደምኩት በካርታና በሳንቲም የሚሠራውን ጥበብ ከተቀዳ ሌክቸር የሚማረው ትውልድ ምትሃትን ትቶ ወደ ድግምት እየሄደ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ክሴ ቀጥተኛ ነው። ተማሪው የመምህሩን እጅ ብቻ ሳይሆን ቃሉን፣ ቀልዱን፣ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር ይደግማል። ከዚያ «ተማርኩ» ይላል። የደገመውን ሁሉ እንደ ተማረው ይቆጥረዋል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። «የቅርብ ምትሃት» የምለው መድረክ፣ መብራትና ትልልቅ ሳጥን የማይፈልገውን፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡ ጥቂት ሰዎች በካርታ፣ በሳንቲም፣ በሲኒ የሚታየውን ነው። በዚህ ሙያ የሚኖሩ ሰዎች ለሙያ ጓደኞቻቸውና ለጀማሪዎች ሌክቸር የመስጠት ልማድ አላቸው። ከከተማ ከተማ እየዞሩ በማጂሽያኖች ማኅበር አዳራሽ አንድ ምትሃት ያሳያሉ፤ ወዲያው አሠራሩን ይገልጣሉ፤ ሲጨርሱ ማስታወሻቸውንና ዕቃቸውን ይሸጣሉ። የቪዲዮ ካሴት ሲመጣ ሌክቸሩ ተቀዳ፤ በኋላ ወደ ዲቪዲ፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት ዞረ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ወጣት ዋጋውን ከከፈለ ከማድሪድና ከላስ ቬጋስ ባለሙያዎች እግር ሥር ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይችላል።

ከክሴ በፊት ግን ከማልወግንላቸው ሰዎች ልለይ። አንደኞቹ «ምስጢሩ አደባባይ ወጣ፤ ጥበቡ ረከሰ» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት በ1584 ስለ ጥንቆላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በኳስ፣ በሳንቲምና በካርታ የሚሠሩትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ገልጧል። ይህን ያደረገው የሰው እንጀራ ለመዝጋት አልነበረም። በዘመኑ ድሆችና አሮጊቶች «ጠንቋይ ናችሁ» እየተባሉ ይሰቀሉ ነበር፤ ስኮት ተአምር የሚመስለው ሁሉ የሰይጣን ሥራ እንዳልሆነ፣ ከፊሉ የእጅ ቅልጥፍና ብቻ እንደሆነ ለማሳየት ፈለገ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ በ1597 ስለ አጋንንት በጻፈው መጽሐፍ ስሙን ጠርቶ ተቃወመው። ይኸው ከ400 ዓመት በላይ ሆነው፤ ስኮት የገለጠው ሳንቲም የማጥፋት ዘዴ ዛሬም ሰው ያስደንቃል።

ሌላም አለ። በ1902 ቺካጎ ውስጥ ኤስ ደብሊው ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም አንድ የካርታ መጽሐፍ ታተመ፤ ጸሐፊው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያንን መጽሐፍ የኦታዋ ተወላጁ ዳይ ቨርነን ገና በልጅነቱ አጠናው። ሁዲኒ በበኩሉ «አንድን ምትሃት ሦስት ጊዜ ካሳያችሁኝ አሠራሩን እደርስበታለሁ» እያለ ይፎክር ነበር። በ1922 ቨርነን አንድ የካርታ ምትሃት ደጋግሞ አሳየው፤ ሁዲኒ ግን አልደረሰበትም። በገበያ ከሚሸጥ መጽሐፍ የተማረ ልጅ አድጎ የዘመኑን ዝነኛ ሰው አታለለ ማለት ነው። ምስጢር ስለተሸጠ የሞተ ጥበብ አላየሁም። በሌላ በኩል በሩ ስለተዘጋበት ሳይጀምር የቀረ ተማሪ ስንት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ጎረቤቱ ማጂሽያን ለሌለው፣ ማኅበር በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው የተቀዳው ሌክቸር ያለው አንድ በር ነው። ያንን በር ዝጉ የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም።

ሁለተኞቹ የመጽሐፍ ወዳጆች ናቸው። መጽሐፍ የጣቱን አኳኋን በቃል ይነግራል፤ አንባቢው ቃሉን ወደ ጣት ይመልሳል። ስለዚህ ዐሥር አንባቢ ዐሥር ዓይነት እጅ ያወጣል፤ ቪዲዮን ግን ሺህ ሰው አይቶ አንድ እጅ ያወጣል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ዝግታን አያሳይም፤ ባለሙያው ካርታውን አስቀምጦ ስንት ቅጽበት ዝም እንዳለ አይነግርም። ቨርነን ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን አስተምሯል። በ1992 ሲሞት ያ እጅ አብሮት አልተቀበረም። መጽሐፍ ስለምወድ ብቻ ይህን ዕድል አላንኳስስም።

እንግዲህ ቀረጻው በራሱ ጠላቴ አይደለም። ጥያቄዬ ካሜራው ምን ያሳያል፣ ምንስ ይቆርጣል የሚል ነው።

የማብራሪያውን ክፍል ተመልከቱ። መምህሩ «አሁን አሠራሩን እንይ» ሲል ካሜራው ከትከሻው በላይ ወደ እጁ ይጠጋል። ስክሪኑ በሁለት እጅና በአንድ ደርዝ ካርታ ይሞላል። ፊት የለም፤ ተመልካች የለም፤ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ማየቱ ቀርቷል። ተማሪውም ትምህርቱ እጅ ብቻ ይመስለዋል። ይህ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ አንድ ሙከራ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በ2006 ጉስታቭ ኩንና ማይክል ላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ማጂሽያን ኳስ ወደ ላይ ሲወረውር የሚያሳይ ቪዲዮ ለሰዎች አሳዩ። ሁለት ጊዜ በእውነት ይወረውራል፤ በሦስተኛው ኳሱ እጁ ውስጥ እንዳለ የወረወረ ያስመስላል። ማጂሽያኑ የሌለውን ኳስ በዐይኑ ወደ ላይ ሲከተል ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኳሱ ወጥቶ አየር ላይ ሲጠፋ አየን አሉ። እጁን ዝቅ ብሎ ሲያይ ግን እንዲህ ያሉት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበሩ። የእጁ ሥራ በሁለቱም አንድ ነው፤ የተለወጠው ዐይኑ የሚያይበት ቦታ ነው። ልብ በሉ፤ ሙከራው ራሱ የተሠራው በቪዲዮ ነው። ካሜራው የሰውየውን ፊት ስላልቆረጠው ምትሃቱ ሠራ። በየሌክቸሩ ማብራሪያ የሚቆረጠው ያ ፊት ነው።

በትርዒቱ ክፍልስ? እዚያ ተመልካች አለ፤ ግን ማን ነው? በሌክቸር አዳራሽ የሚቀመጡት ማጂሽያኖች ናቸው። የሚያጨበጭቡት ለከባድ የእጅ ሥራ ነው፤ የሚስቁትም የሙያ ጓደኛ ብቻ በሚገባው ቀልድ ነው። ሳሎን ውስጥ ቡና ይዛ የተቀመጠች ሴት ግን ከባድ የእጅ ሥራ መኖሩን ማወቅ የለባትም፤ ካወቀችማ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ተማሪው የሚለማመደው ለሌላ ሰው የተሰናዳ ጭብጨባ ለማግኘት ነው። በኋላ በዘመድ ቤት ሲያሳይ ዝምታ ሲገጥመው «ሰዉ አልገባውም» ይላል። ሰዉ ምን ያድርግ፣ ለእሱ የተዘጋጀ ነገር የለም።

አሁን ወደ ምላሱ ልምጣ፤ ዋናው ክስ እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ልደት ላይ ካርታ ይዞ የሚነሣ ወጣት በዐይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። «ባለፈው ሳምንት ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ቁማርተኛ ያስተማረኝ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ባለፈው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ አልወጣም። ቀልዱን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ለምን እንደሚያስቅ ለአክስቱ በአማርኛ ያስረዳል። ቀጥሎ አንድ የብር ሳንቲም አውጥቶ «ይህን አያቴ ከመሞቱ በፊት ነው የሰጠኝ» ይላል። አያቱን የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል። ሳንቲሙ የተገዛ፣ አያቱም ከሌክቸሩ የተወሰዱ ናቸው። በቀረጻው ላይ መምህሩ ስለ አያቱ ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተሰብሯል፤ ተማሪውም እዚያችው ቦታ ላይ ድምፁን ሰበረ። በሰው አያት አለቀሰ። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

«ፈቃድ አለኝ፤ ሌክቸሩን በገንዘቤ ገዝቻለሁ» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ስለ ፈቃድ ካነሣን ሕጉ ራሱ ምን እንደሚጠብቅ እንይ። ቴለር የሚባለው አሜሪካዊ ማጂሽያን በጽጌረዳ አበባና በጥላዋ የሚሠራውን ሥራውን በ1983 በቅጂ መብት አስመዘገበ። ከዓመታት በኋላ አንድ አውሮፓዊ ትርዒተኛ ተመሳሳዩን ሠርቶ ምስጢሩን ለመሸጥ ሲነሣ ከሰሰው፤ በ2014 የኔቫዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለቴለር ፈረደለት። የፍርዱ ፍሬ ነገር ለእኛ ክርክር ትልቅ ትርጉም አለው። የምትሃት አሠራር በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ የተጠበቀው ትርዒቱ፣ ማለት ድራማው፣ እንቅስቃሴው፣ አቀራረቡ ነው። ዳኛውም እንደ እኔ ነው ያሰቡት ማለቴ አይደለም። ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ቢመጡበትም መስመሩ ያው ነው፤ ምስጢሩ የጋራ ነው፣ አቀራረቡ የሰውየው ነው። ሌክቸር የሚሰጠው ሰው ቃሌን ውሰዱ ብሎ ቢፈቅድ እንኳ የፈቀደው ከክስ ነጻ ያወጣ ይሆናል እንጂ ያንን ቃል የእናንተ አያደርገውም።

ይህን ጥያቄ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከዘመናት በፊት መልስ ሰጥተውበታል። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት የመድገም ቤት ናቸው። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ ድምፅ ዝንፍ ካለ ይታረማል፤ «የራሴን ስሜት ጨመርኩበት» ቢል የሚሰማው የለም። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይገለበጣል። መምህሩ ቅኔ ይናገራሉ፣ ሰዋስዉን ይፈታሉ፣ ምስጢሩን ያብራራሉ፤ ተማሪው ግን ያንኑ ይዞ አይመለስም። ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል። ባለ ሁለት ቤት በሆነው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ባለ ስምንት ቤት እስከሆነው መወድስ የሚደርሰው እንዲህ ነው። የመምህሩን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ጎበዝ አይባልም። «ቅኔ ዘረፈ» ስንል እንኳ የሚዘረፈው ከገዛ አእምሮ ነው፤ ከጎረቤት የዘረፈውማ ሌባ ነው።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን የሚያስታውስ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የሚታየው ሰም፣ የተሰወረው አሠራር ወርቅ ነው ማለት ይቀላል። እኔ ግን አልቀበለውም። ቅኔ ወርቁ እንዲፈታ ይፈልጋል፤ ሰሚው ወርቁን ሲያገኝ ነው ደስታው። ምትሃት ግን ወርቁ ከተፈታ ፈረሰ። ንጽጽሩ የሚሠራው በምስጢሩ ሳይሆን በትምህርት ሥርዓቱ ነው፤ የትኛው ይደገማል፣ የትኛው ከራስ ይወጣል በሚለው። የእጅ ሥራው ዜማ ነው። ካርታ መበወዝ፣ ሳንቲም በመዳፍ መያዝ፣ ሁለት ካርታ እንደ አንድ መገልበጥ፣ እነዚህ ያለ ርኅራኄ ሺህ ጊዜ ይደገሙ፤ ለዚህ ከተቀዳ ሌክቸር የተሻለ መምህር የለም፤ ስንት ጊዜ ብትመልሱት አይሰለቻችሁም። ንግግሩ ግን ቅኔ ነው። እሱ ከተደገመ ሞቷል።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ዕድል አለን፤ እየጣልነው ነው እንጂ። የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ትርጉም ማጣት ብቻ ነው የሚለውን ወሬ አላምንም። ትርጉም ከቅጂ ያድናል። መምህሩ በእንግሊዝኛ «ካርታ ምረጥ» ሲል አንድ ቃል ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ይጠራል። በአማርኛ ግን ገና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ከፊታችሁ ያለው ማን እንደሆነ መወሰን አለባችሁ። «ምረጥ»፣ «ምረጪ»፣ «ይምረጡ»፣ «ምረጡ»። የምትመርጠው «እማማ፣ አንዷን ይምረጡልኝ» የምትባል ሴት ከሆነች፣ ከቀረጻው የተወሰደው ተመልካች ላይ የማሾፍ ቀልድ ሁሉ ነውር ሆኖ አረፈው። «ዛሬ ጠዋት ምን ጠጥተው ነው የመጡት?» ማንን ያስቃል? ሰዋስዉ ራሱ ቀልዱን ጣሉት ይላል። ጥሎም አይተዋችሁም፤ በምትኩ ለእማማ የሚሆን ሌላ ነገር እንድትፈልጉ ያስገድዳችኋል። ያ ሌላ ነገር የእናንተ ነው።

እጁም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቨርነን ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ምክር «ተፈጥሯዊ ሁኑ» የሚል ነበር። ግሩም ምክር ነው፤ ግን ተፈጥሯዊ የሚሆነው ለማን ነው? በሳንቲም ትምህርት ውስጥ በጣም የተለመደው ነገር ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ ያሳለፉ መስሎ ባዶውን ግራ ጭብጥ ወደ ተመልካቹ መዘርጋት ነው። ለቨርነን ተፈጥሯዊ ነው። እኛ ዘንድ ግን በግራ እጅ ለታላቅ ሰው ነገር መዘርጋት ዐይን ይስባል፤ ያውም ዐይን መሳብ በማይገባበት ቅጽበት። በተቃራኒው እኛ ከታላቅ ሰው ዕቃ ስንቀበል በሁለት እጃችን ነው፤ ስንሰጥ ደግሞ ግራ እጃችንን ወደ ቀኝ ክንዳችን እናስጠጋለን። ስፔናዊው ጠበቃና የካርታ ሊቅ አርቱሮ ደ አስካኒዮ ምስጢራዊ እንቅስቃሴ ወደ ሌላ ዓላማ በሚሄድ እንቅስቃሴ ውስጥ መንገደኛ ሆኖ መግባት አለበት ብሎ ያስተምር ነበር። እኛ እጅ ለመንሣት ስንል ብቻ ሁለቱን እጆች የምናገናኝበት ምክንያት አለን፤ ማንም አይጠረጥረውም። አክብሮታችን ለአሠራሩ መጠለያ ይሆናል። ይህን የላስ ቬጋስ መምህር ሊነግራችሁ አይችልም። ስስታም ስለሆነ አይደለም፤ አያውቀውም።

ሲኒውን ደግሞ እዩት። በሦስት ኩባያና በትንንሽ ኳሶች የሚሠራው ምትሃት ከጥንታውያኑ አንዱ ነው፤ ሮማዊው ሴኔካ በ45ኛው ደብዳቤው ላይ በትንንሽ የኮምጣጤ ሣህኖችና በጠጠር የሚያታልሉትን ሰዎች ያነሣል። ዛሬ ሻጮቹ ለዚህ ሥራ የሚያብረቀርቅ የመዳብ ኩባያ ያቀርባሉ፤ ተማሪውም ከቀረጻው ጋር አብሮ ያዝዛል። የሮማው ሰውዬ የሠራው ከማእድ ቤት በወጣ ዕቃ ነበር። ሦስት ሲኒና ሦስት የቡና ፍሬ ረከቦቱ ላይ እያለ መዳብ ምን ያደርጋል? ጆሮ የሌለው ሲኒ ተገልብጦ ሲቀመጥ ከላይ የሚታየው ዙሪያ ክቡ ፍሬዋ እንዳትንከባለል ይይዝላችኋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት የገዛ ሲኒዋ ሲከዳት የምትደነግጠውን ያህል በመዳብ ኩባያ አትደነግጥም።

ማስረጃዬን በአንድ ሰው ልጨርስ። ሬኔ ላቫንድ በ1928 ቦነስ አይረስ ተወለደ። በ9 ዓመቱ መኪና ገጭቶት ቀኝ እጁን አጣ። የካርታ መጻሕፍትና መምህራን የሚያስቡት ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ላቫንድ ያየውን እንዳለ መድገም አልቻለም። እያንዳንዱን ነገር ለግራ እጁ እንደገና መፈልሰፍ ነበረበት። ለረጅም ጊዜ ባንክ ውስጥ እየሠራ ተለማመደ፤ ኋላ በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ። ሌላው በፍጥነት ሲመካ እሱ በዝግታ ተመካ፤ ከዚህ ይበልጥ በዝግታ መሥራት አይቻልም እያለ፣ በስፓኒሽ፣ በለሆሳስ ታሪክ እየተረከ ይሠራ ነበር። በ2015 ሲሞት ማንም በፍጥነት የሚበልጠው ሰው ስሙን በአክብሮት ያነሣል። አማርኛችን እንደ ጎደለ እጅ ነው ማለቴ አይደለም። የጎደለው ሌክቸሩ ነው፤ ለእኛ ታስቦ አልተሰናዳም። ላቫንድ ከጎደለው ሸሽቶ ባለ ሁለት እጅ አልመሰለም። እኛ ግን የመምህሩን አፍ መስለን ለመታየት ስንል ከገዛ ቋንቋችን እንሸሻለን።

«ጀማሪ መጀመሪያ መኮረጅ አለበት፤ ሕፃንም አፍ የሚፈታው በመድገም ነው» የሚል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። እውነት ነው። ግን ሕፃን የእናቱን ቃል ሲደግም ውሃ ስለጠማው ነው፤ «ውሃ» ሲል የእናቱን ጥም አይናገርም። ጀማሪው ቃል ይዋስ፤ ጥሙ ግን የራሱ ይሁን። ለልምምድ የመምህሩን ንግግር ቤቱ ውስጥ ይድገመው፤ ሰው ፊት ሲወጣ ይተወው። የቅኔ ተማሪስ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ይይዝ የለም እንዴ? ይይዛል፤ ግን እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ ነው የሚይዘው።

«ለካርታ ጨዋታ ይህ ሁሉ ክርክር?» የሚልም አይጠፋም። ካርታው ነገሩን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው የመረጥኩት። ዛሬ በስደት ያደገ ወጣት ግጥም ማንበብን፣ ስብከትን፣ ኮሜዲን፣ የሠርግ ንግግርን ሳይቀር ከቀረጻ ይማራል። የሰባኪው ሳል ሲደገም፣ የገጣሚው ረጅም ዝምታ ሲኮረጅ በየአዳራሹ እንሰማለን። እዚያ ቅጂው ሲከሽፍ ጨዋ ተመልካች በጭብጨባ ይሸፍነዋል። የቅርብ ምትሃት ግን አይሸፈንም። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጠ ሰው የምትናገሩትን እንደማታምኑት ወዲያው ያውቃል፤ ዐይኑን ከፊታችሁ አንሥቶ እጃችሁ ላይ ይተክለዋል። ያኔ የእጅ ቅልጥፍና አያድናችሁም።

ሻጮቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። «ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ማታ ታሳያለህ፤ ንግግሩ ቃል በቃል አብሮ አለ» ብለው ሲያስተዋውቁ የሚሸጡት ድግምት ነው፤ የተጻፈውን ድገም፣ ይሠራል የሚል። አይሠራም። ገዢውም ሳይሠራለት ሲቀር ወደሚቀጥለው ሌክቸር ይሄዳል፤ መደርደሪያው በምስጢር ይሞላል፤ የሚያሳየው ሰው ግን የለውም።

ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው። ሌክቸሩን ግዙ፤ ሰርቃችሁ አትዩ፣ መምህሩ እንጀራው ነው። መጀመሪያ ትርዒቱን ብቻ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ እጁን ትታችሁ ዐይኑ የት የት እንደሚሄድ ጻፉ። ሁለተኛ ጊዜ የተመልካቹን ፊት ብቻ እዩ፤ መቼ እንደተነፈሰ፣ መቼ እንደተጠራጠረ። ከዚያ ማብራሪያውን ክፈቱና እጁን እስኪበቃችሁ ድገሙ። እጁ ሲገባችሁ ቀረጻውን ዝጉትና ለሁለት ሳምንት አትክፈቱት። በእነዚያ ሳምንታት ለአንድ ለምታውቁት ሰው፣ ስሙን ይዛችሁ፣ በአማርኛ ምን እንደምትሉት ጻፉ። አያት ማንሣት ካስፈለገ የራሳችሁን አያት አንሡ፤ ምንም ያልሰጡህ ከሆነ ምንም እንዳልሰጡህ ተናገር፤ እሱም ታሪክ ነው።

ምትሃት በሁለት ሰዎች ስምምነት የሚነገር ውሸት ነው። ከፊታችን የተቀመጠው ሰው እንደምናታልለው አውቆ እጁን ዘርግቶ ካርታ ሲመርጥ አንድ አደራ ሰጥቶናል። ያንን አደራ ተቀብሎ የሌላ ሰው ውሸት የሚያስረክብ ሰው፣ ጣቶቹ የቱንም ያህል ቢፈጥኑ፣ ለዚያ ሰው ገና ምንም አላሳየም።